ለመምህር ለሜሳ የዘገየች እርማት

የአዳማው የፊዚክስ መምህር ለሜሳ ማረፋቸውን ማክሰኞ ጠዋት ሰማሁ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሲወራ የዋለው ቸርነታቸው ነው። እውነት ነው፤ ግን ድንኳን ውስጥ ቸር ያልነበረ ሟች ገና አላጋጠመኝምና፣ እኔ እንዴት እንደበደልኳቸው ልናገር።

መምህር ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ የኖሩት ነጭ ድንክ ስለሚባሉት ከዋክብት ነው። እንደ ፀሐይ ያለች ኮከብ ነዳጇን ስትጨርስ የሚተርፈው አስከሬን ማለት ነው። ያስተማሩን በብርጭቆ ነበር። ከአዋሽ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሌላ ትምህርት ይቀጥላሉ። ደወሉ ሊደወል ሲል ውሃው ከላይ ጠርቷል።

«ኮከቧም እንዲሁ ናት» ይሉናል። «ስበቷ ኃይለኛ ስለሆነ ከባዱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ላይዋ ላይ የሚቀረው ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ነው። ካልሲየም ካያችሁባት ግን በቅርቡ የወደቀባት ነገር አለ፤ የተሰባበረ ዓለም።»

አባቴ የሞተ ሰሞን በር ላይ አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ካልሲየም እያየሁብህ ነው። ምን ወደቀብህ?» ተናግሬ እስክጨርስ ከዚያ አልተነቃነቁም።

እኔ ግን ጸሐፊ ስሆን በጋዜጣ አሾፍኩባቸው። ቧንቧው በደረቀበት ከተማ ስለ ሞቱ ከዋክብት የሚጨነቁ ሽማግሌ አልኳቸው። በሳምንቱ ጋዜጣውን አጥፈው ሞጆ ቤቴ ድረስ መጡ። ቁጣ ጠበቅሁ። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩት ግን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ሥር ብቻ ነው፤ ከዋክብቱ «ውስጣቸው ዛሬም እየነደደ ነው» ካልኩት ሥር።

«አይነድም» አሉኝ። «የቀረ ሙቀት ነው፤ ይቀዘቅዛል። አርመህ አውጣ።»

«ስለ እርስዎ የጻፍኩትስ፣ ጋሼ?»

«እሱ አስተያየት ነው። ይኼ ስህተት ነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ። በሰው ስህተት ላይ ስጽፍ ኖሬ የራሴን በአደባባይ ማመን ሞት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ሰላምታቸው «አካም! እርማቴስ?» ሆነ። ባለፈው ወር አልጋቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ፤ ያንኑ «ሳምንት» ደገምኩ።

«ፍጠን» አሉ ፈገግ ብለው፤ «እየቀዘቀዝኩ ነው።»

አልፈጠንኩም።

መምህር፣ እርማቱ ይኸው። ነጭ ድንክ ኮከብ አትነድም፤ የምታበራው በቀረላት ሙቀት ነው፤ እሱም ያልቃል። እርስዎም ግን በአንድ ነገር ተሳስተዋል። ስለ እርስዎ የጻፍኩት አስተያየት አልነበረም፤ እሱም ስህተት ነበር። ዛሬ ካልሲየሜን ቢያዩ ምን እንደወደቀብኝ ባልጠየቁኝ ነበር፤ ያውቁታልና። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።