ዜሮ ቁጥር መስመር

ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «አንድ በር» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት በስብሰባ ላይ ነው፤ ወሬው ስለ ደመወዝም ይሁን ስለ ወንበር ጥገና፣ እጁን አውጥቶ «መጀመሪያ ለሁሉም አንድ በር ይኑረን» ሳይል አይወጣም። እኔ መዝገብ ቤት የምሠራው ታናሽ እህቱ ነኝ። ከሞተ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ቀኑንም ነገሩንም እያምታታ ስላስቸገረኝ፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ወንድሜ ይሠራበት የነበረው የውኃ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ጉድጓዶች አሉት። በየጉድጓዱ የውኃውን መጠን ለክቶ በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ተተክሏል፤ ልኬቱን የሚያደርሰው ውስጡ ያለው ሞደም ነው። መሣሪያው ካልላከ ሰው በእግሩ ሄዶ መለካት አለበት። ያ ሰው የወንድሜ ሚስት ነበረች፤ ጉልበቷን ደግሞ ታማለች።

የድሮዎቹ ሞደሞች አንድ በአንድ እየሞቱ ነበር። አዲሶቹ ከሦስት ፋብሪካ መጡ፤ ሦስቱም እንደ ተኳረፉ ወንድማማቾች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዱ ልኬቱ የሚሄድበትን ባለ ቁጥር መስመር የሚከፍተው ቁጥሩ ፋይል ላይ ሲጻፍለት ነው። ሌላው የራሱን ልዩ ትእዛዝ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው ተራ የኔትወርክ ገመድ መስሎ ይቀመጣል። ወንድሜ ለሦስቱም የሚሆን አንድ በር፣ የጋራ በይነገጽ፣ በከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የማሽኑን ዕቃዎች ሁሉ በሚያስተዳድረው የፕሮግራሙ እምብርት ውስጥ፣ ሊያስገባ ተነሣ። ጠያቂው «ይህን ቁጥር መስመር ክፈት» ይላል፤ እንዴት እንደሚከፈት የየሞደሙ ድራይቨር፣ ሞደሙን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ይወቅበት። ነገሩ ይኸው ነው። ለእኔ ሲያስረዳኝ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ምሳዬም በረደ።

ከርነሉን የሚጠብቁት ባለሙያዎች በየአገሩ ተበትነው በኢሜይል የሚነጋገሩ ናቸው። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ እነሱ ያልተቀበሉትን ነገር ጉድጓድ ላይ አልተክልም ብሏል። እነሱ ደግሞ ሥራውን አራት ጊዜ መለሱበት። አንዱማ በቃላት መካከል ስለተወው ባዶ ቦታ ብቻ አንድ ገጽ ጻፈለት። ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፈ፣ በሦስተኛው ቀን ባዶ ቦታዎቹን አስተካከለ። በአምስተኛው ጊዜ «ሦስቱንም ሞደሞች ሲያሠራ አሳየን፤ እስከ እሑድ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል» አሉት። የሚቀጥለው ዙር ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለቱ ሠሩ። ሦስተኛው ዝም አለ።

ወንድሜ ሲም ካርዱን ቀየረ፣ አንቴናውን ቀየረ፣ ሞደሙን መስኮት ላይ አኖረው፣ በመጨረሻም ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀለው። ሚስቱ ጉልበቷን በፎጣ ጠቅልላ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አጥበኸው ነው የምታሰጣው?»

«ኔትወርክ እየፈለግሁለት ነው።»

«ለእኔም ቦት ጫማ ፈልግልኝ። ሰኞ ሰባተኛው ጉድጓድ ነኝ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው አሉ።»

«ሰኞ አትሄጂም አልኩሽ እኮ።»

«ባለፈው ወርም ብለኸኛል። እኔስ አምንሃለሁ፤ ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ።»

ዓርብ ጠዋት ቢሮዬ መጣ። ሊያማክረኝ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ ፕሪንተር ስለሚሠራ ነው። ወረቀቱ እስኪወጣ መደርደሪያዎቼን በጣቱ እየነካካ ሄደ። ይህን አልወድም፤ እሱም ያውቃል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ዜሮ ቁጥር ሣጥን?»

«ገና መለያ ያልተሰጣቸው ሰነዶች የሚቆዩበት ነው።»

«ዜሮ ማለት እኮ የለም ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ መኖሩንና አለመኖሩን ክፈተውና እየው።»

ከፈተው። እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ቀስ በቀስ ጆሮዎቹ ቀሉ። የራሱን ጥፋት ሲያገኝ እንዲያ ነው የሚሆነው።

በይነገጹ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ «መስመር አልተጠየቀም» ተብሎ እንዲታለፍ አድርጎ ነበር። ሁለቱ ፋብሪካዎች መስመራቸውን ከአንድ ይቆጥራሉ፤ ሦስተኛው ከዜሮ። ልብስ ማስጫ ላይ የዋለው ሞደም ምንም አልጎደለውም፤ ያዘዘው ሰው ጠፍቶ ነው። ይህን የሠራው እንግዲህ የሚያስተምራቸውን አዳዲስ ሠልጣኞች በየዓመቱ «እዚህ ቤት ቆጠራ ከዜሮ ነው የሚጀምረው!» እያለ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

«መዝግቤዋለሁ» አልኩት።

ያተመውን ወረቀትና ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። «አልተጠየቀም» ለሚለው ሌላ ምልክት ሰጥቶ፣ ዜሮን እንደ ማንኛውም መስመር አደረገውና ቅዳሜ ላከ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፤ «ተቀብለናል» ብቻ ይላል። ሰኞ ሚስቱን ይዞ አዲሱን ሞደም ሊተክል ሰባተኛው ጉድጓድ ሄደ። እሷ ከመኪና አልወረደችም። ጭቃው ውስጥ አንድ ጫማውን ትቶ ሲመለስ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ኔትወርክ አለ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ለልኬት ወጥታ አታውቅም።

የእሱ ወረቀቶች አሁን እኔ ዘንድ ናቸው፤ አሥራ አራት አቃፊ። ከጃንጥላው ጋር ዜሮ ቁጥር ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። በደንቡ ማንኛውም ሰነድ እዚያ ከሠላሳ ቀን በላይ አይቆይም። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ልኬቶቹ ይገባሉ፤ ሚስቱም ትደውልልኛለች።

«ሠላሳ አንዱም ደርሰዋል። አንቺስ ለወረቀቶቹ ቁጥር ሰጠሻቸው?»

«ነገ፣ እትዬ» እላታለሁ።