የልጄን ሆድ ያሸሁ ዕለት

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ እኛ ስንወለድ እንዴት ነበር?» እያሉ ይነዘንዙኛል። የትልቋን ሳወራ እስቃለሁ፤ የትንሹን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ዛሬ ላውራው።

ያኔ አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ልጄ ከባሏ ጋር አል አይን ከተማ ትኖራለች። ማዳም ዓርብ ዓርብ ስትለቀኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ መንገዱ አሸዋ ነው፣ ደግሞ አሸዋ፤ ግመል ያየሁ ዕለት ደስ ይለኛል።

ልጄ እዚያ ሆስፒታል ለጥናት ተመዝግባ ነበር። ጽንስ እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠኑ ናቸው፤ በማሽን እያዩ ጭንቅላቱን፣ ጭኑን ይለካሉ፤ ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ እያሉ ይጽፋሉ። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ወሎ ሳለሁ አዋላጅ ነበርኩ። «እነሱ የሚለኩትን እኔ በመዳፌ አውቀዋለሁ» እላት ነበር።

በስምንተኛው ወሯ ሄጄ ሆዷን ዳሰስኩት። ጭንቅላቱ ወደ ላይ፣ ከጎድኗ ሥር ነው።

«አልዞረም። ተኚ ላቃናው።»

«እማዬ፣ ዛሬ ይቅር፤ ደክሞኛል።»

«ይህን ሁሉ አሸዋ አቋርጬ የመጣሁት ሻይ ልጠጣ ነው? ቅቤ አለሽ?»

«የወይራ ዘይት ነው ያለኝ።»

«ወይ ዘመናይ! አምጪው እስቲ።»

ሳቀችና ተኛች። ቀስ ብዬ አሸኋት። አንዴ እጄን ያዝ አደረገችኝ፤ መልሳ ለቀቀችኝ። ስትነሳ አንሶላው ደም ሆኗል።

በአምቡላንስ ወሰድናት። በአገራችን ቢሆን ኦፕራሲዮን ያለበት ሆስፒታል የቀን መንገድ ነው፤ እዚህ ከደጃችን ነበር። ከጥናቱ ነርሶች አንዷ የአገሬ ልጅ ናት፤ መዝገቧን ይዛ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«እናቴ፣ ወድቃ ነበር? ሆዷን የነካው ነገር አለ?»

«ምንም የለም ልጄ። ተኝታ ነው።»

ጻፈችው። ማንበብ ባልችልም ውሸቴ እዚያ መግባቱን አውቄያለሁ።

ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ፤ ከእጄ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ሳምንታት ማሞቂያ ውስጥ ከረመ። ማዳም «ኸላስ፣ በቃ ተመለሽ» እያለች ትደውላለች፤ እኔ ከመስታወቱ አልነቃነቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ልጄ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የማንንም ሆድ አልነካሁም።

ከዓመታት በኋላ ትልቋ የልጅ ልጄ የእናቷን የሆስፒታል ወረቀት ስታገኝ አነበበችልኝ። እንግዴ ልጁ የማህፀኗ አፍ ላይ መቀመጡን ማሽኑ ቀድሞ አይቶት ኖሯል። ልጄንም እኔ ከመምጣቴ በፊት «ሆድሽን ማንም እንዳያሽ፣ ትደሚያለሽ» ብለው ሐኪሞቹ እንደነገሯት ተጽፏል። ተኚ ስላት ይህን እያወቀች ነው የተኛችልኝ።