የባለቤቴ እንባ ከደረቀ በኋላ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልናገር ነው የወጣሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄም ነው የወጣሁት። ስለዚህ አሜን ለማለት አትቸኩሉብኝ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

ባለቤቴን አቶ ዘለቀን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የወረዳ ሹም በነበረ ጊዜ እሁድ እሁድ እዚህ ይመጣ ነበር። የሚመጣው ሰው እንዲያየው ነው። ቤት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሲገልጥ አይቼው አላውቅም። እኔ ጓዳ ገብቼ እጸልያለሁ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ስልክ ያወራል። የጫሞ ዓሣ አጥማጆች ዘለቀ በደለን ብለው ለበላይ አካል አቤት ያሉበት ጊዜ ነበር። እሱ ታዲያ «መረባቸው ሕገ ወጥ ነው» አለና ሰብስቦ ሐይቁ ዳር አቃጠለባቸው። ቤት መጥቶ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። ምን ዓይነት ሆድ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ከዚያ ልቡ ደከመ። ከታች ከሲቀላ ሰፈር ላይ ወዳለው ሴቻ ሽቅብ መራመድ አቃተው። አዲስ አበባ ወሰድነው፤ የልቡ ቫልቭ ተበላሽቷል አሉን። ደረቱን ከፍተው፣ ልቡን አቁመው፣ ደሙን በማሽን እያዞሩ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገጠሙለት። ተረፈ። ጌታ ይባረክ። እዚህ ላይ አሜን ማለት ትችላላችሁ።

ወደ ቤት የመጣው ሰው ግን ሌላ ሰው ነበር። ዜና እየሰማ ያለቅሳል። የገዛ ልጁ ስም ይጠፋበታል። ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ብርጭቆ ይወረውራል፣ ከዚያ ስብርባሪውን እየለቀመ ያለቅሳል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ነግሮኝ ነበር። «እናት፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሰዎች አንዳንዱ ይከፋዋል፣ ይቆጣል፣ ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ እያደር ይሻላል። ብቻቸውን አይተዋቸው። የደም ማቅጠኛውን ኪኒን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን እንዳያቋርጡ» ብሎኛል።

ወደ ሥራ በተመለሰ ሰሞን ስብሰባ ላይ የዓሣ አጥማጆቹ ነገር ተነሣ። ባለቤቴ ብድግ አለ። «መረቡ ደህና መረብ ነበር። እያወቅሁ ነው ያቃጠልኩት፤ ስለከሰሱኝ ነው» አለና ሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

የቢሮ ጓደኞቹ ቤቴ መጡ። ምክትሉ ሶፋዬ ላይ ተደላድሎ፣ «እህቴ፣ ቀዶ ጥገናው ጭንቅላቱን ነክቶታል። ሲሻለው ያስተባብላል፤ እስከዚያ ቤት ይዋል» አለኝ። ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። እንደሌለ ሰው አወሩበት።

እናንተ ደግሞ መጣችሁ። «ጌታ አዲስ ልብ ሰጠው» ብላችሁ ዘመራችሁ። እንቅልፍ ይተኛል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ልጆቹ እንደሚፈሩት ያየ የለም። ሲያለቅስ እያያችሁ እልል አላችሁ። እናንተ ስትወጡ እኔን «ምነው በሞትኩ» ይለኝ ነበር።

ከእናንተ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል፣ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶዎታል፤ ከእንግዲህ ኪኒን መዋጥ አለማመን ነው» አለው። ባለቤቴም አመነው። እኔ ሥራ ስውል ዋጥኩ ይለኛል፣ ለካ ሽንት ቤት እየደፋው ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦው ከእጁ ወደቀ። አፉ ተጣመመ። ሊጠራኝ ፈልጎ ምላሱ ታሰረ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሟ «መድኃኒቱን ስላቆመ ደሙ ረግቶ ወደ ጭንቅላቱ ሄዷል። ማነው አቁም ያለው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ምን ልበላት? የጸሎት ወንድሜ ነው ልበላት? አፈርኩ፣ ወገኖቼ። በጌታ አላፈርኩም፣ በእናንተ ነው ያፈርኩት።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጸለይኩ። ጸሎት ከተባለ፤ ተጣላሁት ማለት ይሻላል። «ይህን ሰው የምትፈልገው ከሆነ አእምሮውን መልስለት። ከዚያ ራሱ ይምረጥህ» አልኩት። ጌታ ሰማኝ። ስሙ ይባረክ። ሳይመሽ አፉ ተቃና፣ ስሜን ጠራኝ። ኪኒኑን መልሶ ጀመረ። ሐኪሟ ለሐዘኑም ባለሙያ ጋር ላከችን፣ ሄድን። ጌታ በሐኪምም ይሠራል፤ ቅር የሚለው ካለ ከጉባኤው በኋላ ያነጋግረኝ። ክረምቱ ሲወጣ ባለቤቴ ደህና ይተኛ ጀመር። ቁጣው በረደ፣ ስም መርሳቱ ቀረ፣ እንባውም ደረቀ። ክብር ለጌታ ይሁን።

ይኼኔ ምክትሉ ተመልሶ መጣ። «እንኳን ማረህ። በል አሁን ያኔ ታምሜ ነው የተናገርኩት በልና ወንበርህን ያዝ» አለው። እውነት እላችኋለሁ፣ እኔ ራሴ እሺ ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ ረጋ ብሎ አየውና፣ «ያለቀስኩት ታምሜ ይሆናል። መረቡን ያቃጠልኩት ግን ጤነኛ ሆኜ ነው» አለው። ምክትሉ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ጫሞ ወረድን። አስታራቂ ሽማግሌዎች በአገራችን የዕርቅ ወግ እርጥብ ሳር ይዘው ዓሣ አጥማጆቹ ፊት ተንበረከኩ፤ እሱም ከኋላቸው ተንበረከከ። ስብሰባው ላይ የተናገረውን ያንኑ ቃል አንድ በአንድ ደገመው፤ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣችውም። ብዙዎቹ ይቅር አሉት። አንዱ «እኔ ገና ነኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ባለቤቴ «ልክ ነው፣ እንደገና እመጣለሁ» አለ። ቤት ስንገባ፣ «አሁን ጸልዪልኝ፤ የምለውን አውቀዋለሁ» አለኝና ጌታን ተቀበለ።

ዛሬ ወንበር የለውም። ኪኒኑን ይውጣል፣ ይጸልያል፣ ልጆቹ አይፈሩትም። ጌታዬን አመሰግነዋለሁ። እናንተም ወገኖቼ፣ እመኑት። ሰው እስኪደክም አድፍጦ የሚይዝ ጌታ አይደለም። ጤነኛ ሳላችሁ፣ የምትሉትን እያወቃችሁ እመኑት።