አሜሪካዊው ኳስ ተጫዋች ለሽምግልና ቆሞ

ከአዲስ አበባ በባቡር የተነሣሁት ሐረር ያሉት አክስቴ ወይዘሮ ዘነበች ስለጠሩኝ ነው። ልጃቸው ተፈራ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ላለ የጦር ክፍል ቡድን ኳስ ሊጫወት ቆርጧል። ነባሮቹ ተጫዋቾች ኮሪያ ስለዘመቱ ቡድኑ ምትክ ይፈልጋል። «አንተ የኮሌጅ ተማሪ ነህ፤ ይሰማህ ይሆናል» ብለው ላኩብኝ።

ዳገቱ

ከድሬዳዋ በጭነት መኪና የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጣን። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ሐረር አጠገብ ያለችው የሶፊ ገበሬ ኦቾሎኒ እያካፈሉኝ «ተማሪ ነህ? ማሻአላህ!» አሉኝ። ሐረር ስንገባ ካፊያ ይጥላል፤ የጀጎል ግንብ በጉም ተሸፍኗል።

ሽምግልናው

አክስቴ ሁለት ሽማግሌዎች መርጠው ጠበቁኝ፦ ጎረቤታቸውን ሐጂ ዑመርንና የተፈራን አስተማሪ፣ አሜሪካዊውን ሚስተር ሃዊትን። ሚስተር ሃዊት በወጣትነታቸው ኳስ ተጫዋች ነበሩ። እንደ ደንቡ ተፈራ እሺ እስኪል ሳንቀመጥ ቆመን ጠበቅን። እኔ አስተረጉማለሁ።

«የእኛ አገሩ ኳስ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይወረወራል» አሉ ሚስተር ሃዊት። «ኳሱን ተቀብዬ ለማን እንደሚሰጥ የምወስነው እኔ ነበርኩ። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ጎበዞቹ ሲዘምቱ እኔን ጦሩ በጆሮዬ ሕመም ምክንያት አልተቀበለኝም፤ ቡድኑ ግን ወሰደኝ። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴ ተጎዳ። ጦርነቱ ሲያበቃ ባለቦታዎቹ ተመለሱ። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ መስቀያዬ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ተሰቅሎ አየሁ። ማንም ምንም አላለኝም።»

ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «መምህር፣ ሕዝቡ ስምዎን ይጠራ ነበር?»

 የሚስተር ሃዊት ፊት በራ። «ይጠራ ነበር።»

«ይኸው!» አለ ተፈራ።

የተጎዳው የአሜሪካዊው ጉልበት ከዚህ በላይ መቆም አቃተው። ተፈራ ሮጦ ዱካ አመጣላቸው፤ ተቀመጡ።

«ወላሂ፣ አለቀ!» አሉ ሐጂ ዑመር። «ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ምን ቀረው?»

«ምን አጠፋሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ ሚስተር ሃዊት።  ከመጋረጃው ኋላ አክስቴ ሲያለቅሱ ይሰማል።

የመልስ ጉዞ

በማግሥቱ ተፈራ ከእኔ ጋር ወረደ። አክስቴ ስንቅ ቋጠሩለት፤ ግን አልመረቁትም። አዲስ አበባ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ዘበኛው «በማን ምትክ ነህ?» አለው። ተፈራ የአንዱን ዘማች ስም ጠራ፤ ገባ።

እውነቱን የሰማ ሰው ይመለሳል ብዬ አምን ነበር። ተፈራ ግን ሁሉን ሰምቶ የወደደውን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ሄደ። አሁን ኮሌጅ ተመልሼ፣ ማታ ማታ ዘማቾቹ በሰላም እንዲመለሱ ስጸልይ እነሱ ሲመለሱ ቦታውን የሚያጣው ተፈራ ፊቴ ድቅን ይልና ጸሎቱን ሳልጨርስ እተወዋለሁ።