ባጃጁን ያበላሸው ዓይን አልነበረም

ይህን ለሚስቴም፣ ለወንድሜም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ፤ ይገባኛል።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ከመርሳ ወልድያ እየተመላለስኩ፣ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት መኪና ስቀባ አባቴ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ሥራዬን አላየም። ታናሽ ወንድሜ ኑሩ አስተማሪ ነው። አሮጌ ባጃጅ ገዛና በአባታችን ግቢ ውስጥ ራሴ እቀባዋለሁ ብሎ ተነሳ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ ኮምፕረሰር ተውሶ፣ አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውሃ እየረጨ። መጀመሪያ የፊቱን ክፍል ብቻ ሞከረ። እንደ መስታወት ወጣለት። አባቴ ወንበር አስወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «የኑሩን እጅ አያችሁ?» ይል ጀመር። የእኔስ? የእኔን እጅ ማን አየው? ቀናሁ፤ በገዛ ወንድሜ ቀናሁ።

አርብ ዕለት ኑሩ የቀረውን አካል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በቤንዚን ጠራርጎ፣ ከአባቴ ጋር ለጁምዓ ሶላት ሄደ። «እደርስባችኋለሁ» አልኩና ቀረሁ። አዎ፣ ሶላቴን ትቼ ቀረሁ። ዘይት የነካ ጨርቅ አነሳሁና ያንን ንጹህ ቆርቆሮ በስሱ አሸሁት። ቅባት የነካው ቆርቆሮ ቀለም እንደማይቀበል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ኑሩ ተመልሶ ሲረጨው መጀመሪያ አማረ። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ በአጥሩ በር ብቅ ብለው «አቤት ማማሩ፣ ሙሽራ አስመሰልከው» አሉ። ከዓይን ይጠብቃል የሚባለውን ማሻአላህ ማለቱን ረሱት። እሳቸው ቆመው እያዩ ቀለሙ ይሸሽ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆን ጀመር። እናቴ ቀስ ብላ «ምነው እማማ፣ ማሻአላህ ቢሉ ምን ነበረበት?» አለቻቸው። ኑሩ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ባለሙያ ነህ፤ ምን ነክቶት ነው?»

ቀለሙን በጣቴ ነካ አደረግሁ። «በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዘይቱን ከማሸቴ ይልቅ ይህን ማለቴ ይብሳል፤ የባለሙያ ቃል ስለሆነ ሁሉም አመነኝ።

ባጃጁ በሳምንቱ ተፍቆ እንደገና ተቀባ። እማማ ዘሃራ ግን ዓይናቸው ክፉ ነው ተባሉ። ላም የወለደችለት ጥጃውን፣ አራሷም ጨቅላ ልጇን ይደብቁባቸው ጀመር። የከፋው ደግሞ እሳቸውም አመኑት።

አምና ልጄ ስትወለድ ቅቤ ይዘው መጡ። ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ ጎትተው ደጅ ቆሙ።

«አልገባም ልጄ፤ ዓይኔ ደግ አይደለም። አላህ ያሳድግልህ። ብቻ ማንን መሰለች? ንገረኝ።»

«እኔን» አልኳቸው። ቅቤውን ተቀበልኩ።

ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝም አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ቤታቸው ከቤቴ ሦስተኛው ነው። በየቀኑ በደጃቸው አልፋለሁ፤ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ መሬት መሬት እያዩ ነው። ይህን ሁሉ ለእናንተ ነገርኩ እንጂ ለእሳቸው እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።