ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

ፋንታሁን በስደት አገር፣ ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሥዕል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አስተማሪ አልነበረውም። የነበረችው ዳንደኖንግ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ የገዛት አንዲት በከሰል የተሳለች ሴት ናት። ራቁቷን ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇን ወደ ኋላ አዙራ ወገቧን ይዛለች። ከግርጌ የሠዓሊዋ ፊርማ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ኤሎዲ ቫሴ፣ ፓሪስ 1909» ይላል። ስለ ሠዓሊዋ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ጠየቀ፤ ስሟን የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያች ሰው በዓለም ላይ የቀረው ይህ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«የሴትዮዋን እጅ ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች» ይለኝ ነበር ሻይ ልንጠጣ ስንገናኝ። «የተሳሳተችውን መስመር አላጠፋችም። እኔ የምማረው ከእሱ ነው።»

ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ መሆኑ ሲነገረው ቀኝ ዓይኑ አልቆ ነበር። ግራውም እየሄደ ነው። አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ጨርሶ ሳይጨልምበት ያችን እጅ አስመስሎ መሳል። የፍሬሙ መስተዋት እያንጸባረቀ ስላስቸገረው ወረቀቱን አውጥቶ መስኮቱ አጠገብ ሰካው። በራሱ ወረቀት ላይ ትከሻዋን ጨረሰ፤ ክርኗ ላይ ደረሰ።

ይሄኔ ባለቤቱ ማንተግቦሽ ለዓይኑ እንዲጸልዩለት የጸሎት ቡድኗን ሜድስቶን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠራች። እኔም ነበርኩ። ወንጌላዊው የአምላክ የሚባል ወጣት ነው። እንደ ደንባቸው እየጸለየ በሩንም አልጋውንም ዘይት ይቀባል። ሥዕሏ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ ፋንታሁን፣ የእህታችንን ልብስ ምን አደረጉት?»

ሁሉም ሳቁ።

«አጥባ አስጥታዋለች፤ እስኪደርቅ ነው» አለ ፋንታሁን።

«የምሬን ነው። እሷን ሰቅለው ፈውስ በየት ይግባ?»

«አንተ ጸልይ። ጀርባዋን ሰጥታሃለች፤ አታይህም።»

ጸሎቱ ጋለ። የፋንታሁንን የዓይን ቆብ ዘይት ቀቡት። ሁላችንም ጨፍነን ነበር። ስንገልጥ ወንጌላዊው ዘይት የጠገበ መዳፉን የሴትዮዋ ሥዕል ላይ ጭኖ ክፉ መንፈስ ይገሥጻል። እጁን ሲያነሣ ዘይቱ ወረቀቱ ውስጥ እየሰፋ ነበር።

«ወይኔ!» አለች ማንተግቦሽ። «አይዞህ ፋንትሽ፣ ይለቃል።» ዘይቱን እንዲመጥላት ዱቄት ነሰነሰችበት። በጨርቅ ስትጠርገው ከሰሉ አብሮ ተነሣ። የሴትዮዋ እጅ የነበረበት ቦታ ግራጫ ጭጋግ ሆነ።

ፋንታሁን ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ እጇን ፈለገ። «ተይው ማንቴ። ለእኔ ብለሽ ነው።» ወንጌላዊው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። አሁን መስኮቱ የት እንዳለ ከማወቅ በቀር የሚያየው የለም። የእሱ ሥዕል ክርኗ ላይ እንደቆመ ነው። ከሰል ይዞ ተቀምጧል።

«ሦስቱ የእጇ መስመሮች ተቀላቀሉብኝ» አለኝ። «አንተ ስንቴ አይተሃታል። የመጨረሻው የትኛው ነበር? ጣቶቿ ተዘርግተዋል ወይስ ታጥፈዋል? ንገረኝና በዳበሳ ልሞክር።»

ስንት ዓመት ሙሉ ከሥሯ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ። ላስታውስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ጀርባዋ ብቻ ነው። ደስ እንዲለው ብዬ አንዱን ልል አስቤ ነበር። እሱ ግን ልዋሸው የሚገባ ሰው አይደለም።

«አላውቅም» አልኩት።

ከሰሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።