የማናይ ሳልቫሲዮን ቅባት የሌለባቸው ወራት

ማናይ ሳልቫሲዮን የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ስትሠራ የጎረቤት ባሎች በየቤታቸው ምሳቸውን ያማርሩ ነበር። በፊሊፒንስ፣ በቢኮል አገር ታላቅ ሴት «ማናይ» ትባላለች፤ እሷ ደግሞ በምጣድና በጭልፋ የሁሉም ታላቅ ነበረች።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ዶክተር ሊዋይዋይ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችን ሰብስባ ለጥናት ፈቃደኞች ጠየቀች። ማናይ ሳልቫሲዮን እጇን ያወጣችው አስባበት ሳይሆን በእልህ ነው። ጎረቤቷ ማናይ ፑሪንግ፣ «እሷ? ቅባት ከምትተው ባሏን ብትተው ይቀላታል» ብላ ስቃባት ነበር።

«እናቶቼ፣» አለች ዶክተሯ፣ «እንቁላል ማምረቻችሁ ጡረታ ወጥቷል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ግን ጨርሶ አይጠፋም፤ የሰውነት ስብ በመጠኑ ይሠራዋል። ሲበዛ ለጡት ደግ አይደለም። የምትበሉት ቅባት ሲቀንስ እሱም ይቀንስ እንደሆነ ከደማችሁ ማየት እፈልጋለሁ።»

ማናይ ሳልቫሲዮን ሆዷን መታ መታ አደረገች። «እኔ እኮ ሥራ ፈት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፋብሪካ ነው።»

ዕጣ ሲወጣ ለእሷ ቅባት መቀነስ ደረሳት፤ አብራት ለተመዘገበችው ለፑሪንግ እንደ ወትሮዋ መብላት።

«እግዜር ሰው ያውቃል» አለች ፑሪንግ።

ከዚያ ወዲያ በማናይ ሳልቫሲዮን ቤት ዓሣ በዝንጅብልና በኮምጣጤ ብቻ ይቀቀል ጀመር። ባሏ ክሪስፑሎ ዓሣውን አገላብጦ አየው። «ውሃ ውስጥ ኖረ፣ ውሃ ውስጥ ተቀቀለ። ይሄ ምስኪን ምን አየ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

ፑሪንግ በበኩሏ ሳህኗን ይዛ አጥሩ ሥር መቀመጥ ለመደች። «ማናይ ሳልቫሲዮን፣ ይሸትሻል?»

«ይሸተኛል። አርሮብሻል።»

ፑሪንግ ሳህኗን ጥላ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እውነትም አርሮ ነበር።

ማናይ ሳልቫሲዮንን የከበዳት የደብሩ በዓል ነው። የጎደሬውን ወጥ የምትሠራው ምንጊዜም እሷ ናት፤ ዘንድሮ ግን መቅመስ አልቻለችም። አንድ ማንኪያ መላስ ዶክተሯን መዋሸት መስሎ ታያት። ስለዚህ ክሪስፑሎን ምላሷ አደረገችው።

«ጨውስ?»

«ገና አልለየልኝም» አለና ደግሞ ጨለፈ።

«በርበሬውስ?»

«እሱን ለማወቅ ከታች ነው መቅመስ ያለብኝ።»

ወጡ ጎድሎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ክሪስፑሎም ቀበቶውን ፈትቶ ቅዳሴውን ቆመ።

ወራቱ አልቆ ውጤት ሲነገር፣ የማናይ ሳልቫሲዮን ሆርሞን ቀንሷል። የፑሪንግ ባለበት ነበር። ፑሪንግ ተቀየመች።

«የሷ ሥራ ሲሠራ የኔ ደም በከንቱ ተቀዳ?»

«የሳቸው መቀነሱን ያወቅነው የእርስዎን አይተን ነው» አለች ዶክተሯ።

ፑሪንግ ቀና አለች። «እንግዲያው ያለ እኔ ጥናቱ ባዶ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ በመብላት ለሳይንስ እንደደከመች ስታወራ ትውላለች።

«ድንገት ሽው የሚልብዎ ሙቀትስ፣ ማናይ?» ብላ ጠየቀች ዶክተሯ።

«እሱማ እንዳለ ነው። እሱን አልተነጋገርንም እኮ።»

ያን ዕለት ማናይ ሳልቫሲዮን ወፍራሙን የኮኮናት ወተት ጨምቃ፣ የናፈቃትን ወጥ ሠርታ ለመብላት ተቀመጠች። ሁለተኛው ጉርሻ አንገቷ ላይ ቆመ። ከበዳት፤ ምላሷን ቅባት ለበሰው። መርዶ እንደተረዳች ሴት ሳህኗን ገፋ አድርጋ አየችው። አርባ ዓመት ስትመሰገንበት የኖረችው ወጥ ነው። ለማን ይነገራል? ፑሪንግ ከሰማች ደግሞ አለቀላት።

በማግሥቱ ከመጀመሪያው፣ ከወፍራሙ ጭማቂ ጥቂት ብቻ ጨምራ፣ ቀሪውን በሁለተኛው፣ በቀጭኑ ሠራችው። ክሪስፑሎ ቀምሶ ግንባሩን ቋጠረ። «ቀጥኗል።»

«የዘንድሮ ኮኮናት ምን ወዝ አለው ብለህ ነው» አለችው።

«ዝናቡ ነው» አለ ክሪስፑሎ፤ ሳህኑንም ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋ።